ዓሣ ሽቅብ በሚወጣበት ሰሞን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለአፍታ ከፍ ይላል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ካርቱም፣ ባሕሪና ኦምዱርማን ያላችሁ፣ የሱዳኑ ጦርነት ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ ወይም ወደ አገር ቤት የበተናችሁ፣ ሁላችሁም አድማጮቻችን፣ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን ዛሬ ስለ ወንዝና ስለ ዓሣ ነው። መረብ ጥላችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ጉዳዩ ይመለከታችኋል፤ ከገበያ ዓሣ ገዝቶ የሚበላ ሰው ሁሉ የወንዙ ባለጉዳይ ነውና።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። በወንዝ ላይ ለዓሣ ማጥመድ ጥሩ ጊዜ የሚባለው መቼ ነው? ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ፣ «ዓሣው በብዛት የሚገኝበት ጊዜ ነዋ!» የሚል ነው። የዛሬው ዝግጅት ይህን መልስ ይሞግታል። ዓሣ ከምንጊዜውም ይልቅ በቀላሉ የሚያዝበት ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ባይያዝ የሚሻልበት ሰሞን ነው። ይህን ሐሳብ ከሰሜን አሜሪካ አንሥተን፣ በካርቱም በኩል አልፈን፣ እስከ ጣና ድረስ እንከተለዋለን። ሦስት ነገሮችን ያዙልኝ፦ ውኃው፣ ዓሣው፣ ጊዜው። ሦስቱን ደጋግመን እንጠራቸዋለን።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ኮሎምቢያ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ፤ ኦሪገንና ዋሽንግተን የተባሉትን ሁለት ግዛቶች እያዋሰነ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። የተራራው በረዶ መቅለጥ በሚጀምርበት ወቅት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ የአካባቢው አጥማጆች ዓይን በሦስት ዓሦች ላይ ያርፋል። አንደኛው ሳልመን ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ገብቶ ያድጋል፣ ከዓመታት በኋላ የተወለደበትን ውኃ በጠረኑ ለይቶ ሽቅብ ይመለሳል፤ የፓስፊክ ሳልመን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛው ስቲልሄድ የሚባለው ነው፤ የትራውት ወገን ሲሆን እንደ ሳልመን ባሕር ደርሶ ይመለሳል፣ ግን ከተራባ በኋላ ተርፎ ሌላ ዓመት ሊደግም ይችላል። ሦስተኛው ስተርጀን ነው፤ ሰውነቱ ላይ የአጥንት ጋሻ የተደረደረ፣ የወንዙን ወለል እያሰሰ የሚመገብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ግዙፍ ዓሣ። ሴቷ ስተርጀን እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ ከደረሰች በኋላም በየዓመቱ አትጥልም።

ታዲያ አጥማጁ ጠዋት ተነሥቶ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ቀኑ ስንት እንደሆነ አይደለም። ውኃው ምን ያህል ሞልቷል? ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ሙቀቱስ ስንት ደርሷል? ብሎ ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ዓሣው ይሰንፋል፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጋ ኮሎምቢያ ወንዝ ከወትሮው በጣም በመሞቁ ሶካይ ከሚባለው የሳልመን ዓይነት ሩብ ሚሊዮን ያህሉ መንገድ ላይ አልቋል። የቀን መቁጠሪያው የተለመደውን ወቅት ነበር የሚያሳየው፤ ውኃው ግን ሌላ ነገር ተናግሯል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ወንዝ ላይ ማጥመድ የሚፈቀደውና የሚከለከለውም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በተሠራው በቦንቪል ግድብ ጎን ዓሣው ደረጃ በደረጃ እየዘለለ የሚወጣበት የውኃ መሰላል አለ፤ በመሰላሉ ላይ ደግሞ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈው ዓሣ ይቆጠራል። ሁለቱ ግዛቶች ቁጥሩን እያዩ በዚያው ወቅት መሐል ወንዙን ለአጥማጅ ይከፍታሉ፣ ወይም ይዘጋሉ። ለስተርጀን ደግሞ የመጠን ልክ አለ፤ በጣም ትንሹም በጣም ትልቁም ወደ ውኃው ይመለሳል። ትልቁ ለምን ይለቀቃል ትሉ ይሆናል። ትልቋ ስተርጀን ብዙ እንቁላል የምትጥለው እናት ስለሆነች ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሕጉ የተቀረጸው ዓሣው በሚራባበት መንገድ ልክ ነው።

(መሸጋገሪያ፤ የውኃ ድምፅ)

አሁን ወደ ካርቱም እንመለስ። በከተማዋ መሐል ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። አንደኛው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ፣ ሱድ በሚባለው የደቡብ ሱዳን ረግረግ ከውኃው ግማሽ ያህሉን ለፀሐይ ገብሮ የሚመጣው ነጭ አባይ ነው። ሌላው ከጣና የሚወጣው የእኛው ጥቁር አባይ ነው። የሚገናኙበትን ቦታ የከተማው ሰው አል-ሞግራን ይለዋል፤ ቱቲ ደሴትም እዚያው አጠገብ ናት። ሁለቱ ውኃዎች እንደተገናኙ ወዲያው አይዋሐዱም። በሙላቱ ወራት በአንዱ ጎን ደለል የተሸከመው ቡናማ ውኃ፣ በሌላው ጎን ፈዘዝ ያለው ግራጫ ውኃ፣ መሐላቸው መስመር ተሰምሮ ጎን ለጎን ሲፈስሱ በዓይን ይለያሉ።

የካርቱም ዓሣ ወቅት ከኮሎምቢያው የሚለየው በምንድን ነው? እዚያ የወንዙን ሙላት የሚያመጣው የሚቀልጥ በረዶ ነው፤ እዚህ የሚያመጣው የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ነው። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እነሱ ጋ ወንዙ በሚነቃበት ወቅት፣ ካርቱም ላይ ጥቁር አባይ በተፈጥሮ ጠባዩ ጎድሎና ጠርቶ ይገኛል። ግድቦች ከመብዛታቸው በፊት የነሐሴው ፍሰቱ የሚያዝያውን በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። በነሐሴ ሲሞላ ጉልበቱ ከመበርታቱ የተነሣ ነጭ አባይን ወደ ኋላ ገፍቶ ያቆመዋል፤ ነጭ አባይም ካርቱም ደጃፍ ላይ ይተኛል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1937 ከካርቱም ወደ ደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ጀበል አውሊያ ላይ ያሠራችው ግድብም የተመሠረተው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው፤ የተኛውን ውኃ ይዞ ያቆይና ወንዙ ሲጎድል ይለቀዋል።

ይህ ሁሉ ለአጥማጁ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያውን ነጥባችንን፣ ውኃውን፣ በቅርበት እንየው። በሚያዝያ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ጥግ ጥጉን ያለው ጥልቀት የሌለው ውኃ እንደ ሻይ ይሞቃል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሌሊቱን ደግሞ የውኃው ዕፅዋት ራሳቸው ኦክስጅን ይጠቀማሉ እንጂ አያመነጩም። ስለዚህ በተኛ ውኃ ውስጥ ዓሣ ከሁሉ በላይ የሚታፈነው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ማለዳ ላይ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ ካያችሁ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንጂ እየተጫወቱ አይደለም።

ሁሉም ዓሣ ግን በእኩል አይጨነቅም። ሱዳኖች ገርሙት የሚሉት፣ እኛ አምባዛ የምንለው ዓሣ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል አለው፤ ጭቃ ውስጥ ሌላው ሲሞት እሱ ይሰነብታል። ዕጅል የሚባለው ናይል ፐርች በተቃራኒው ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሙቀት ሲበረታ ወራጁና ጠለቅ ያለው ውኃ ነው የሚስማማው። ቡልቲ ወይም ቀረሶ ደግሞ ሙቀቱን ይችላል፤ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳር ይውላል። የውኃው ጥራትም የራሱ ሚና አለው። በጠራ ውኃ ዓሣው መረቡን አይቶ ይሸሻል፤ አጥማጁ የሚቀናው ምሽትና ንጋት ላይ ነው። በደፈረሰ ውኃ መረቡ አይታይም፣ ግን «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደሚባለው፣ ሙላቱ የሚያመጣው ግንድና ቅርንጫፍ መረቡን ይበጣጥሰዋል። እንግዲህ ነጥቡን ልድገመው፦ ወንዝ የሚነበበው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በልኩ፣ በጥራቱና በሙቀቱ ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሁለተኛው ነጥባችን ዓሣው ነው። ሁሉም ዓሣ አንድ ዓይነት አኗኗር ያለው ይመስላችኋል? የለውም። ክርክራችን በሙሉ የቆመውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ቀረሶን ውሰዱ። ወንዱ በዳር ዳሩ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ወጣ ብለው ሲዋኙ አደጋ ከመጣ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለው ዓሣ ሩቅ መጓዝ አያስፈልገውም፤ ባለበት ይራባል፣ በዓመት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ ይራባል።

አሁን ደግሞ ተጓዦቹን እንመልከት። በናይል ውስጥ ደብስ፣ ካዋራና ካስ የሚባሉት ወገኖች የወንዙን ሙላት ጠብቀው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ሙላቱ የሚያለብሰው ሜዳ ለጫጩቶቻቸው ምግብና መደበቂያ ይሆናል። ሱዳን ውስጥ ፈሲኽ የሚባለውን በጨው የሚብላላ ዓሣ የምታውቁ፣ በብዛት የሚሠራው ከካስና ከካዋራ እንደሆነ ታውቁ ይሆናል። እነዚህ ዓሦች ከሳልመን ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ባሕርም አይገቡም። ጠባያቸው ግን በአንድ ዋና ነገር ይገናኛል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ምልክት፣ በአንድ መንገድ፣ በመንጋ ይጓዛሉ። ያ ምልክት የውኃው መነሣት ነው።

ይህ ጠባይ ጥንካሬም ድክመትም ነው። ጥንካሬው፣ ጫጩቱ ምግብ በበዛበት ሳምንት ይፈለፈላል። ድክመቱ ግን፣ መንጋው በሙሉ በጠባብ በር የሚያልፍበት ቀን ይታወቃል። ያንን በር የሚያውቅ አጥማጅ በወር የሚያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል። ጥያቄው፣ ያ ሌሊት በሚቀጥለው ዓመት ምን ያስከፍላል? የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት መላምት አያስፈልገንም። በጥቁር አባይ ራስ ላይ፣ ጣና ውስጥ፣ ተፈትኗል።

(መሸጋገሪያ፤ የክራር ድምፅ)

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ከሱ በታች ያለው የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ እንዳይወጣ አጥሮታል። በዚህ ተለይቶ በኖረ ውኃ ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች ወደ አሥራ አምስት ዓይነት ሆነው ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ በሌላ በየትም ቦታ አይገኙም። ከአሥራ አምስቱ ግማሽ ያህሉ እንቁላል ለመጣል ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በግልገል አባይ አፍ ላይ ተሰብስበው ይቆዩና፣ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ወለል ላይ ይራባሉ። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መሐል ይወድቃል፤ የሚያልፍበት ውኃ ንጹሕና ኦክስጅን ያለው መሆን አለበት፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። አስተውላችኋል? የሳልመንም እንቁላል የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጠጠር፣ ወራጅ ውኃ፣ ንጽሕና።

ለረጅም ዘመን የጣና ዓሣ አስጋሪዎች፣ በተለይም ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዝ የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለከተማው ምግብ፣ ለአስጋሪው ገቢ። ነገር ግን መረቡ ከሚዘረጋባቸው ቦታዎች ከሁሉ የሚያዋጣው የወንዞቹ አፍ፣ ከወራቱም የሚራቡበት ወራት ሆነ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ ያዩትን ሲያነጻጽሩ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወድቆ አገኙት፤ የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በላይ ወድቋል። ከሁሉ በላይ የተጎዱት ወንዝ የሚወጡት ናቸው። እዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ የሚሆነው በጫጩቶቹ ነው። ትልልቆቹ ብቻ ቢቀንሱ ኖሮ መረቡ በላቸው ብለን እናልፈው ነበር። ጫጩቱ አብሮ ሲጠፋ ግን የተሰበረው መራባቱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ከመረቡ ሌላም አለ። አንዳንድ ቦታ የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ይጣላል፤ ብርብራው ዓሣውን አደንዝዞ ያንሳፍፈዋል። ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም አይለይም። በሚራቡበት ሰሞን በትንሽ ገባር ወንዝ ላይ ሲጣል ጉዳቱ በዚያ ዓመት ትውልድ በሙሉ ላይ ሊደርስ ይችላል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን ያልነውን እንሰብስብ። ውኃው ምልክት ይሰጣል። ዓሣው ምልክቱን ተከትሎ ይጓዛል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ሦስተኛው ነጥባችን ይህ ጊዜ ነው፤ መደምደሚያችንም ግልጽ ነው፦ ተጓዥ ዓሣ በሚራባባቸው ሳምንታት የወንዙ አፍ ከመረብ ነጻ መሆን አለበት። ይህ ሲባል ግን የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ በቁም ነገር ልንመልሳቸው ይገባል።

የመጀመሪያው የእንጀራ ጥያቄ ነው። «አስጋሪው ከነልጆቹ በክረምት ምን ይብላ? ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ገበያ የሚወጣው ያኔ ነው» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የፍልሰታ ሁለት ሳምንት በእርግጥ በዚሁ ሰሞን ይውላል። ነገር ግን የተጠየቀው ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ፣ ወንዙ በሙሉ ይዘጋ አይደለም። የወንዝ አፍና የሚራቡበት ጠጠር ለሚራቡባቸው ጥቂት ወራት ይዘጋ ነው። ቀረሶና አምባዛ በሐይቁ ውስጥ ይጠመዳሉ፤ በካርቱምም ቡልቲ በዳር ዳሩ አለ። ከጾሞች ሁሉ ረጅሙ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚውል ነው፤ ያኔ የጣና ተጓዦች ወንዝ ውስጥ የሉም። የባሰውንም አገር ተመልከቱ። ቻይና ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ያንግዜ ወንዝን ለአሥር ዓመት ለአጥማጅ ስትዘጋ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ሥራቸውን ለውጠዋል። እዚያ እዚህ ደረጃ የተደረሰው የወንዙ ዓሣ ክፉኛ ከተመናመነ በኋላ ነው፤ በዚያ ወንዝ ይኖር የነበረው የስተርጀን ዘመድ፣ የቻይና ፓድልፊሽ፣ ከምድር ጠፍቷል። በጊዜው የተደረገ ትዕግሥት የአሥር ዓመት መዘጋትን ሊያስቀር ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ጥፋቱ የግድብ ነው፤ ድሃው አስጋሪ ለምን ይወቀሳል?» ይላል። ይህም ከፊሉ እውነት ነው። ከካርቱም ሽቅብ በጥቁር አባይ የሚወጣ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሰናር ላይ ግድብ ይገጥመዋል፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ከዚያ በላይ ሮሴሬስ አለ። በአትባራ ወንዝ ኻሽም አል-ጊርባ ላይ ደለል ለማጠብ ማጠራቀሚያው ሲለቀቅ ዓሣ በደለል ታፍኖ ሲሞት ታይቷል። ጥቁር አባይ ላይ ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ አለ። ግድብ ጎርፍን ያስታግሳል፤ እ.ኤ.አ. የ2020ውን የሱዳን ሙላት የምታስታውሱ፣ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበትንና በአገሩ ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበትን ዓመት፣ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ። ዓሣው ግን የሚጠብቀው ያንኑ የውኃ መነሣት ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ሲፈስስ ለሰው ይመቻል፣ ለተጓዡ ዓሣ ግን ምልክቱ ይደበዝዝበታል።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? የግድቡ ጥፋት የመረቡን ጥፋት አይሰርዝም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። መንገዱ የጠበበበት ዓሣ በቀረው መንገድ ላይ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ በመረብ ይበልጥ ይጎዳል። ደግሞም የጣናው ውድቀት ሲታይ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ገና አልነበረም። የግድብ ጉዳይ በመሐንዲሶችና በመንግሥታት እጅ ነው፤ እነሱም የድርሻቸውን ሊሠሩ ይችላሉ። በክረምት መጀመሪያ ላይ ውኃውን በመጠኑ ከፍ አድርጎ በመልቀቅ ምልክቱን ለዓሣው መመለስ ይቻላል፤ ማጠራቀሚያን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ማጠብ ይቻላል። መንገድ ሲከፈትለት ዓሣ እንደሚመለስም ታይቷል። በአሜሪካ ክላማት ወንዝ ላይ አራት ግድቦች ፈርሰው ሲያበቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ሳልመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ወዳልደረሰበት የወንዙ ክፍል ወጥቷል። የእኛ ግድቦች አይፈርሱም፣ ይፍረሱም የሚል የለም። ትምህርቱ፣ ዓሣው ዕድል ካገኘ እንደማይሰንፍ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «ሕግ ወጥቷል፣ ማን ያከብረዋል?» የሚል ነው። በእርግጥ ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት። በወንዝ አፍ ሁሉ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ጠባቂ ግን አይኖርም። ለዚህም ነው ጉዳዩን በሕግ ብቻ የማንተወው። የኮሎምቢያው ሕግ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት አጥማጁ ራሱ ቁጥሩን ስለሚያይ፣ ለምን እንደተዘጋም ስለሚያውቅ ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ አስጋሪ ከጠባቂ ይበልጣል፤ የገዛ ወንዙን ከሌላው ሰርጎ ገብ መረብ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ገበያው ደግሞ ሁለተኛው ጠባቂ ነው። የማይገዛ ዓሣ አይጠመድም።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል)

እንግዲህ አድማጮቼ፣ የካርቱም ሰው ዓሣ ሲያስብ በኦምዱርማን ያለው የሞረዳ ዓሣ ገበያ ትዝ ይለዋል። እዚያም ሆነ ባሕር ዳር፣ የትም ገበያ ላይ፣ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነገር አለ። አስጋሪዎች፣ ውኃው መነሣትና መደፍረስ ሲጀምር መረባችሁን ከወንዝ አፍ አንሡና ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዋናው ወንዝ ዳር ውሰዱት፤ የመረባችሁን ቀዳዳ አታጥብቡ፤ ብርብራም ሆነ ሌላ መርዝ ወንዝ ውስጥ የሚጥል ካያችሁ ዝም አትበሉ። ነጋዴዎች፣ ዓሣው ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ። የቤት እመቤቶችና አባወራዎች፣ በክረምት ሆዷ በእንቁላል የተወጠረች ተጓዥ ዓሣ ስትቀርብላችሁ በሷ ፋንታ ቀረሶ ወይም አምባዛ ጠይቁ። ለሻጩም ምክንያቱን ንገሩት፤ ቁጣ ሳይሆን ማስረዳት ነው የሚሠራው።

ለመጨረሻ ጊዜ ሦስቱን እንድገማቸው፦ ውኃውን አንብቡ፣ ዓሣውን ለዩ፣ ጊዜውን አክብሩ። ልጆች ያሏችሁ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ቀረሶ ጫጩቷን የምታሳድገው የት ነው? መልሱን ዛሬ ሰምታችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ይህን ቃል ለጎረቤታችሁ አድርሱልኝ፦ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት የወንዙን አፍ ለዓሣው ተዉለት። ሰላም ሁኑ!

(የመዝጊያ ሙዚቃ)